ጎኔ ተሰንጥቆ ቡሬ ላይ የታገልኩበት ሳምንት

ለእናቴ ደውዬ «ታጋይ ሆኛለሁ» ያልኳት ቀን ጩኸቷ ጎረቤት ሰበሰበ። ጫካ የገባሁ መስሏት ነው። «የት በረሃ ነህ? ማን አሳሳተብኝ ልጄን?» እያለች ስታለቅስ፣ የሰፈሩ ሴቶች «ምን ሆነች? ማን ሞተባት?» ሲሉ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። እኔ በዚያ ሰዓት ፍኖተ ሰላም፣ በኮሌጃችን የላሞች በረት ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተጋድሜ ነበር።

«እማዬ፣ ትግል ነው የምልሽ! መጣጣል! ስፖርት!»

አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ «መጣጣሉንማ እዚሁ ከወንድሞችህ ጋር ስትጣጣል አልነበር ያደግኸው? ለዚህ ነው ኮሌጅ የላክንህ?» አለችኝ።

የእንስሳት ጤና ተማሪ ነበርኩ፤ የመጨረሻ ዓመት። ጎበዝም ሰነፍም አልነበርኩም። ስም ሲጠራ «አቤት» ካልኩ በኋላ መምህሩ ድምፁ ከየት እንደመጣ ዞር ዞር ብሎ የሚፈልገኝ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። አብረውኝ የሚማሩ ልጆች እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አዲስ ገቢ ነህ?» ይሉኝ ነበር።

ያን ዓመት ቡሬ ላይ የኮሌጆች የባህል ስፖርት ውድድር እንደሚካሄድ ደብዳቤ መጣ። ቡድኑን የሚያዘጋጅ መምህር በስብሰባ ተመረጠ፤ የተመረጡትም ከስብሰባው የቀሩት የእንስሳት ሕክምና መምህራችን ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ በዕድሜያቸው ከማንም ጋር ተያይዘው አያውቁም። ሰብስበውን «ትግል አላውቅም» አሉን። «ግን አጥንትና ጅማት አውቃለሁ። ከዚያ እንጀምራለን።»

የመጣነውን ስድስት ልጆች በረቱ ውስጥ አሰለፉን። ትከሻችንን ጫን ጫን፣ ጉልበታችንን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። ጥርሴን አላዩም ብዬ መማል አልችልም። የክብደት ምድባችንን ለማወቅ ደግሞ የከብት መለኪያቸውን አወጡ፤ የከብቱ ደረት ሲለካበት ክብደቱን በኪሎ የሚናገር ጥብጣብ ነው። በደረቴ ዙሪያ አዞሩትና «ስልሳ አምስት» አሉ። ሳቅሁ። አልሳቁም። ገበያ ወስደው አንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ፣ ከበቆሎ ጆንያዎቹ አጠገብ አቆሙኝ። ስልሳ አምስት ከግማሽ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «ግማሹ ልብስህ ነው» አሉኝ።

በዚያ ኪሎ ሌላ ሰው ስላልነበረ ተመረጥኩ። በማግስቱ ስሜ ከነአባቴ፣ ከነክፍሌ፣ ከነኪሎዬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አንዲት የክፍላችን ልጅ አንብባ ስትጨርስ ዘወር ብላ አየችኝና «አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ። ለሦስት ዓመት አንድ ወንበር አልፋኝ የተቀመጠች ልጅ ናት። «አዎ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለምን ይህን ሁሉ ቻልክ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ከዚህ የተለየ ምክንያት የለኝም።

ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጎኔ ተሰበረ። የሰበሩትም አሰልጣኛችን ናቸው። በስልክ ያዩትን አንድ አነሳስ ሊያሳዩኝ ወገቤን አቅፈው ብድግ አደረጉኝ። ብድግ ማድረጉ ሠመረላቸው። ማስቀመጡ ላይ እርጥብ እበት ረገጡ። አብረን ወደቅን፤ እኔ በግራ ጎኔ የላሞቹ ገንዳ ጠርዝ ላይ፣ እሳቸው እኔ ላይ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሳቸውም ሰሙት፤ ምክንያቱም መነጽራቸውን ሳያነሱ «ስንተኛው ነው?» አሉኝ።

ላም የሚያዳምጡበትን መሣሪያ አምጥተው ደረቴ ላይ አደረጉ። ተንፍስ አሉኝ፤ ተነፈስኩ። ቁም አሉኝ፤ ቆምኩ።

«በሬ ብትሆን ኖሮ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ሁለት ወር ከቀንበር አሳርፍህ ነበር።»

«ሰው ከሆንኩስ ቲቸር?»

«ሰው አልተማርኩም።»

ስለዚህ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ አየችና ሁለት የጎን አጥንቶች መሰንጠቃቸውን ነገረችኝ። «ምን አገኘህ?» አለችኝ። ትግል ነው ብላት የሚከለክል ወረቀት ትጽፍብኛለች ብዬ ፈራሁ።

«በሬ ወጋኝ» አልኳት።

ጎኔን ገልጣ አየች። «የቀንድ ምልክት የለም እኮ።»

«ጎዳ ነው። ቀንድ የለውም።»

«ታዲያ በምን ወጋህ?»

አሰልጣኛችን ከኋላዬ «በግንባሩ ነው የገፋው» አሉ። ውሸት ስለማይችሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ሐኪሟ ሁለታችንንም በየተራ አየችን። «በሬው ጤነኛ ነው? ክትባት ወስዷል?» አለች። ይሄኔ ውሸቱም ፍርሃቱም ጠፋባቸው፤ ቀጥ ብለው ቆሙና «የእኛ በረት ውስጥ ያልተከተበ ከብት የለም!» አሏት። ስድስት ሳምንት እንዳርፍ፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ብዙም እንዳልስቅ አዝዛ ሸኘችን።

ከበሩ ስንወጣ «እንተወው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አልተውም» አልኩ። «ለምን?» አሉኝ። ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው መናገር አፈርኩ። «ለኮሌጃችን ክብር» አልኩ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ቡሬ የገባነው በሚኒባስ ነው። ከማንኩሳ ወዲህ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በጎኔ ቆጥሬዋለሁ። አሰልጣኛችን ለፈረስ እግር የሚጠቀሙበትን ሰፊ ፋሻ ከብብቴ እስከ እምብርቴ ጠምጥመው ከላይ ማልያ አልብሰውኛል። ሜዳው ሣር ላይ በኖራ የተከበበ ክብ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የተጋጣሚህን ጀርባ መሬት ካስነካህ አሸነፍክ።

የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ ከእኔ የሚረዝም ልጅ ነበር። ፊሽካው እንደተነፋ መጥቶ ወገቤን አቀፈኝ። በዚያ ቅጽበት ከሳንባዬ የነበረው አየር ሁሉ ወጣ፤ ሲወጣም ድምፅ ይዞ ወጣ። መጮህ አስቤ አልነበረም። የወጣው ግን ጥርት ያለ «እምቧ!» ነበር።

ሜዳው ጸጥ አለ። ልጁ ደንግጦ እጁን አላላና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ከሕመሙ ለማምለጥ ወደ ፊት ስገፋ እሱ ወደ ኋላ ሄደ፤ እግሩ እግሬ ላይ ተሰናከለና በጀርባው ተዘረረ። ተመልካቹ ፈነዳ። የድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው «የእንስሳት ጤና ተማሪ ነው!» ሲል ደግሞ ሳቁ በረታ። ፉከራ መስሏቸው ነው። ከሜዳ ስወጣ የማላውቃቸው ልጆች «እምቧ!» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። በእያንዳንዱ ምት እኔም «እምቧ» እላለሁ፤ እነሱ ይበልጥ ይደሰታሉ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛውን ገጠምኩ። ይህኛው ስለ ድምፄ ሰምቶ ስለነበር አልደነገጠም፤ ቀኝ ክንዴን ይዞ አዞረኝ። ስዞር አብሬው ይዤው ዞርኩ። እሱ ወደቀ፤ የእኔ ትከሻ ደግሞ ከቦታው ወጣ። ዳኛው አሸናፊነቴን ለማሳወቅ ቀኝ እጄን ሊያነሳ መጣ።

«ግራውን» አልኩት በሹክሹክታ።

«ደንቡ ቀኝ ነው።»

«እባክህ፣ ግራውን።»

አሰልጣኛችን ከዳር ሆነው «ግራውም የራሱ እጅ ነው!» ብለው ጮኹ። ዳኛው አሰበበትና ግራውን አነሳ። ለፍጻሜ አልፌያለሁ። ያለፍኩት በእምቧታ ይሁን በትግል ግን እስካሁን አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዘን ወደ ወጌሻ ሄድን። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፎች ሥር የምትኖር አንዲት ሴት በአካባቢው የታወቀች ናት አሉን። ስናያቸው ትንሽ፣ አጭር፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አሮጊት ናቸው። እጃቸው ግን የወንድ እጅ ያህላል። ግቢያቸው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ፣ አንድ እግሩን ከጫማው አውጥቶ፣ የነገው የፍጻሜ ተጋጣሚዬ ተቀምጧል።

የቡሬው ልጅ ነበር፤ ሁለት ሰው ጥሎ ያለፈ፣ አንገቱ የወይፈን የሚያህል። እኔን ሲያይ እግሩን ቶሎ ጫማው ውስጥ ከተተ። ሕመሙ ፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁት። እኔም ክንዴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የእኔም ሕመም ፊቴ ላይ ሳይወጣ አልቀረም።

«ምን እግር ጣለህ?» አለኝ።

«እኔ ደህና ነኝ። ቲቸር ጉልበታቸውን አሟቸው ነው።»

አሰልጣኛችን አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ማነከስ ጀመሩ።

«አንተስ?» አልኩት።

«ጊደር ልገዛ ነው።»

ወጌሻዋ ከደጃፉ ሆነው «ጊደር የለኝም» አሉ።

ልጁ «መጠየቅ አይከፋም ብዬ ነው እማማ» አላቸው፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳም። እሱ እስክሄድለት ይጠብቃል፤ እኔ እስኪሄድልኝ እጠብቃለሁ። ሴትዮዋ አሰልጣኛችንን ቁርበት ላይ አጋደሟቸውና ቅቤ ቀብተው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ጉልበቱ ጤነኛ ነው። ጤነኛውን ጉልበት ግራና ቀኝ ሲያጣምሙት አሰልጣኛችን እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ይብሳል እንጂ አልተሻለውም እኮ» አሉ ሴትዮዋ ተገርመው፣ እንደገና አጠበቁት። እንዲህ ሲደረግ ሰዓት ሄደ። ጥላው ከወንበራችን አልፎ አጥሩ ጋ ደረሰ።

በመጨረሻ ሴትዮዋ እጃቸውን በሣር ጠረጉና ፊታችን መጥተው ቆሙ።

«እናንት ልጆች! ይኸ ትከሻው ተንጠልጥሏል። ይኸኛው ቁርጭምጭሚቱ ዱባ አክሏል። መምህሩ ምንም አልሆነም። ማንን ነው የምታሞኙት? እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ካላችሁ አሁን ተኙ!»

ተኛን። አንድ ቁርበት ላይ፣ ጎን ለጎን። ለስብራትና ለውልቃት ያዥ ሰው ያስፈልጋል፤ አሰልጣኛችን ደግሞ መቆም አልቻሉም። ስለዚህ የእኔ ትከሻ ሲገባ ተጋጣሚዬ ያዘኝ። ሁለት እጁን ደረቴ ላይ ሊያሳርፍ ሲል «ጎኔን ተው!» አልኩት፤ ሚስጥሬ ሁሉ በዚያ ወጣ። እጁን ወደ አንገቴ አነሳ። ሴትዮዋ ሳቡ፤ እኔ የለመድኩትን ድምፅ አሰማሁ።

«ያ ድምፅ ከሕመም ነው እንዴ?» አለኝ ልጁ በጣም ተደንቆ። «እኛ እኮ ሌሊቱን ሙሉ መልስ የሚሆን ፉከራ ስናስብ ነው ያደርነው።»

ተራው ሲደርስ እኔ በግራ እጄ ጉልበቱን ያዝኩ። ቁርጭምጭሚቱ ወይን ጠጅ መስሏል። ሴትዮዋ ሲነኩት መላ ሰውነቱ እጄ ውስጥ ሲርገበገብ ተሰማኝ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ጨርሰው ሲያስሩለት «እንደው ሁለታችሁም ቤታችሁ ብትቀሩስ?» አሉን። እሱ «እቀራለሁ» እንዲል እጠብቃለሁ፤ እሱም ከእኔ ይጠብቃል።

«አባቴ ነገ ከሽንዲ ይመጣል» አለኝ ኋላ፣ አጥሩን ይዞ እየተነሳ። «ኮሌጅ ከገባሁ መጥቶ አያውቅም። ደህና ነኝ ብየዋለሁ።»

እኔም ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው ነገርኩት። ለማንም ያልነገርኩትን። አልሳቀም። ከዚያ በሩ ላይ ቆመን ተዋዋልን። እሱ ጎኔን አይነካም፤ እኔ እግሩን አልነካም።

«ትከሻህንስ?»

«እሱንም ተው።»

«ታዲያ የትህን ልያዝ?»

ተነጋግረን ግራ ክንዴንና አንገቴን ፈቀድኩለት። እሱም ከወገቡ በላይ ያለውን ሁሉ ፈቀደልኝ። ተጨባበጥን፤ በግራ።

በማግስቱ ሜዳው ሞላ። ፊሽካ ተነፋ። ተያያዝን። እንደ ውላችን ግራ ክንዴን ያዘ፣ እኔ ትከሻውን ያዝኩ፤ ቆምን። ዝም ብለን ቆምን። አንዳንዴ ትንሽ ወደዚህ፣ አንዳንዴ ትንሽ ወደዚያ እንላለን፣ ሰርግ ላይ እንደሚጨፍሩ ሽማግሌዎች። ዳኛው «ታገሉ!» አለን። «እሽ» አልን። ሁለተኛ አስጠነቀቀን። የድምፅ ማጉያው ሰው ግን በስሜት ነዷል፤ «ይህ ጥበብ ነው! እየተጠናኑ ነው! እዩት እግር አጣጣሉን!» ይላል። ተጋጣሚዬ የሚረግጠው በአንዱ እግሩ ብቻ ስለሆነ ነው። ተመልካቹ ከዳር እስከ ዳር «እምቧ! እምቧ!» ይላል። ሰው ሁሉ ይላል፣ እኔ ብቻ አልልም።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሁለታችንም እንደምንሰናበት ገባን። «ትንሽ እንግፋ» አለኝ። ገፋን። እሱ ሳያስበው በታመመው እግሩ ረገጠ።

እግሩ ከሥሩ ሲከዳው አየሁ። ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። እኔ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጄን መልቀቅ። ብለቀው በጀርባው ይወድቃል፣ ውድድሩ ያበቃል። አልለቀቅኩም። ደግነት ነው ብዬ አልዋሽም፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ያንን ቁርጭምጭሚት ከአንድ ቀን በፊት ሲያሹት ጉልበቱን ይዤ ነበር፤ እጄ እንዳይወድቅ ያዘው። የያዘውም መጥፎው ክንዴ ነው። ትከሻዬ እንደገና ወጣ፣ ዞርን፣ ሰማይ አየሁ፣ ከዚያ ሙሉ ስልሳ አምስት ኪሎው ጎኔ ላይ አረፈ።

ፊሽካው ተነፋ። ጀርባዬ መሬት ነክቷል። ልጁ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ «ይቅርታ» አለኝ። «ጎንህን ነካሁት።»

እሱ መነሳት አልቻለም፤ እኔም አልቻልኩም። ዳኛው ጎንበስ ብሎ የአሸናፊውን እጅ እንደተኛ አነሳለት። ቃሬዛ መጣ። አንድ ብቻ ነው። ማን ይቅደም በሚል ክርክር ተነሳ። አንዱ «አሸናፊው ይቅደም» ይላል፣ ሌላው «የባሰበት ይቅደም» ይላል፤ ማን እንደባሰበት ደግሞ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ሁለታችንንም አንድ ላይ ጫኑን፣ የእሱ ራስ ወደ እግሬ፣ የእኔ ራስ ወደ እግሩ። አራት ሰው ተሸክሞን በሰው መሃል ስናልፍ፣ አሰልጣኛችን ከኋላ የእውነት እያነከሱ ይከተሉናል። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከቃሬዛው ጎን እየሮጡ «የትኛው ነው ያሸነፈው? የትኛው?» ይላሉ። ተጋጣሚዬ እጁን አውጥቶ «እኔ ነኝ አባዬ» አላቸው። ሽማግሌው ቆሙ፣ መስቀላቸውን ሳሙ፣ እንደገና ሮጠው ደረሱብንና ሁለታችንንም «እግዜር ይማራችሁ» አሉን።

ስድስት ሳምንቱን እቤት ተኛሁ። ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። እናቴ የብሩን ሜዳሊያ ምሰሶው ላይ ሰቅላው ለመጣው ሁሉ ታሳያለች። አንዷ «ሁለተኛ ከስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። በእኔ ኪሎ የመጣነው ስድስት ነበርን። «ከመላው ጎጃም» አለች እናቴ። አላረምኳትም።

ጎኔ ዳነ። ትከሻዬ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ቀኝ እጄን ከጆሮዬ በላይ አላነሳም። ልመረቅ ሁለት ወር ሲቀረኝ አሰልጣኛችን ቢሯቸው አስጠርተው ሌላ የውድድር ደብዳቤ ፊቴ ላይ አስቀመጡ። አንስቼ አነበብኩት። ያቺ የክፍላችን ልጅ በዚያን ጊዜ በስሜ ትጠራኝ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይም ብዙ ሰው ሰላም ይለኛል። ይበቃኝ እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ፤ በቃኝ።

«አልችልም ቲቸር» አልኳቸው።

የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁ። «እኔም አልችልም» አሉኝ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። ደብዳቤውን ወደ ስፖርት ክፍሉ መለሱት።

አሁን ዱርቤቴ አካባቢ በእንስሳት ጤና ኬላ እሠራለሁ፤ መርፌውን በግራ መውጋት ተምሬያለሁ። የቡሬው ልጅ ሽንዲ ትምህርት ቤት ውስጥ ስፖርት ያስተምራል። በበዓል በበዓል እንደዋወላለን። ባለፈው ፋሲካ ሲደውል ሚስቱ ሴት ልጅ መውለዷን ነገረኝ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፣ ሳትቀር ና አለኝ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እሄዳለሁ።